ቋጠሮ የሌለው ግሉኮስ

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ይድነቃቸው በተረኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ክንዱ ላይ ግሉኮስ እንደተሰካ ሞቶ ተገኘ። ጊዜው የ2001 ዓ.ም. ጥቅምት ነበር፤ ማሽላው እሸት የያዘበት፣ ከሮቢት እስከ ዋጃ ያለው ሰው ደግሞ በወባ የሚንዘፈዘፍበት ወር። በአስፋልቱ ዳር ባለችው በዚያች ትንሽ ጤና ጣቢያ ግቢ ሕመምተኛው ከግራሩ ጥላ ተርፎ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። የኃላፊውን ሞት ሰምቶ እንኳ ወደ ቤቱ የተመለሰ አልነበረም። ወዴት ይሂድ?

ኢንስፔክተር ታሂር ምሳውን ሳይጨርስ ስለተጠራ ከቆቦ የመጣው ተኮሳትሮ ነው። ባልደረቦቹ «ታሂር ሲጠግብ ያንቀላፋል፣ ሲርበው ይሰማል» እያሉ ያሙታል፤ ሐሜቱም እውነትነት አለው። ከመኪናው ወርዶ ኮሪደሩን እንደጀመረ አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ከግድግዳው ሥር ተነስታ ሁለት እጇን ዘረጋችለት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት። እሰሩኝ» አለችው።

ነርሷ ቆንጅት ነበረች። ዓይኖቿ ቀልተው፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ የቆመችው በግድግዳው ድጋፍ ነው።

«በምን ገደልሽው፣ ልጄ?»

«እንጃ።»

ታሂር በፖሊስነት ዘመኑ የሚክድ ገዳይ እንጂ በምን እንደገደለ የማያውቅ ገዳይ ገጥሞት አያውቅም። ቁጣው በረደና ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»

«ጓደኛዬ ራሷ በወባ ወድቃ ቤቷ ከገባች ወዲህ ዎርዱ የኔ ብቻ ነው። ቀንም ሌሊትም። ጋሽ ይድነቃቸው ከምሳ በፊት መጣና ጉልበቴ ከዳኝ፣ ግሉኮስ ስኪልኝ አለኝ። እኛ እንዲህ ነን፤ ሲደክመን እረፍት የለ፣ ግሉኮስ ተሰክተን እንነሳለን። ከጠረጴዛው ላይ አንዱን አነሳሁ። እዚያው ጎን ደግሞ ለሕመምተኞች ኩዊኒን የጨመርኩባቸው ነበሩ። ሁለቱም ውሃ ነው የሚመስሉት። ዓይኔ ጭጋግ ነበር፤ የትኛውን እንዳነሳሁ አላስታውስም። ሰክቼለት፣ አስተኝቼው፣ ምጥ የያዛት ሴት መጣች ተብዬ ወደ አዋላጅዋ ወደ ራዊያ ሮጥኩ። ስመለስ...»

«ስትመለሺ ሞቷል።»

«ሞቷል። ሌላ ምን ይገድለዋል? እሰሩኝ። እስር ቤት ቢያንስ ይተኛል።»

ታሂር የመጨረሻውን ቃሏን አልወደደውም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው፤ አገር ሙሉ የምታክም ሴት እንቅልፍ ፍለጋ እስር ቤት ትመኛለች። ጥፋቱ የእሷ ሆኖ ከተገኘም ምኞቷ ይደርስላታል፤ ያውም ለብዙ ዓመት፣ ያውም ሰው ገደልኩ እያለች።

ክፍሉ ገባ። የግሉኮሱ ላስቲክ ከብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ተሟጧል። ጠብታውን የምትመጥነው መቆጣጠሪያ ወለል ብላ ተከፍታለች። ታሂር በላስቲኩ ግርጌ የቀረችውን ጠብታ በጣቱ ነክቶ ምላሱ ላይ አደረገና ፊቱን አጨማደደ። የራያ ልጅ የኩዊኒንን ምሬት ከእናቱ ጡት ቀጥሎ ነው የሚያውቀው። ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ደጋግሞ አየው፤ ልሙጥ ነው፤ ምንም የተለጠፈበት፣ ምንም የታሰረበት ነገር የለም።

ኮሪደሩን ስትወለውል የዋለችው የጽዳት ሠራተኛዋ ዘነበች በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«ባዳ ሰው እዚህ ገብቶ ነበር?»

«ኧረ በማርያም፣ ባዳ በኔ ላይ አያልፍም። ሠራተኛው እንደሆነ ሲወጣ ሲገባ ነው የሚውለው፤ ማን ልብ ይለዋል?»

አዋላጅዋ ራዊያ ጓንቷን እያወለቀች መጣች። ቆንጅት ከእሷ ጋር ማዋለጃ ክፍል እንደነበረች፣ ሕፃኑ እስኪወጣም ንቅንቅ እንዳላለች ነገረችው።

«ኩዊኒን በፍጥነት ሰውነት ውስጥ ቢገባ ምን ያደርጋል?» አላት።

«ልብ ያቆማል፣ ጋሼ። ለዚህ እኮ ነው ጠብ፣ ጠብ እያለ የሚሰጠው።»

«ይድነቃቸውን የሚጠላው ማነው?»

ራዊያ በመከራዋ ውስጥ እንኳ ፈገግ ልትል ቃጣት። «የማይጠላውን ቢጠይቁኝ ይቀል ነበር። እረፍት ከልክሎን እርስ በርሳችንም መጠላላት ጀምረናል። ዛሬ ጠዋት ሁላችንን ሰብስቦ ‹ነገ ወረዳ ሄጄ እናገራለሁ፤ ከእንግዲህ የምሸፋፍነው ጥፋት የለም› አለን። ሁላችንም ቆንጅትን አየናት። ትናንት መርፌ እየሰጠች ቁማ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ አላህ ነው ያወጣት።»

ይህ ለቆንጅት ሌላ ገመድ ነበር። ታሂር ወደ ዎርዱ አለፈ። በየአልጋው ራስጌ የተንጠለጠሉት ግሉኮሶች አንገታቸው ላይ ቀጭን የፋሻ ቁራጭ ተቋጥሮባቸዋል።

«ይህ ምንድን ነው? ለቡዳ ነው እንዴ?»

«ኧረ በአላህ!» አለች ራዊያ። «ኩዊኒን ያለበት ነው ማለት ነው። ድሮ ጽፈን እንለጥፍ ነበር፤ እንቅልፍ ሲጫነን ፊደሉ ይጨፍርብናል። ስለዚህ እኔና ቆንጅት መድኃኒቱን ከመጨመራችን በፊት ፋሻ መቋጠር ጀመርን። ዓይን ቢያንቀላፋ እጅ ይዳስሳል።»

«ይህን ከናንተ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ጀሚል ያውቃል፣ የፋርማሲው። ፋሻዬን ፈጃችሁት እያለ ሲነጫነጭብን ነው የሚውለው። ዘነበችም ዎርዱን ስታጸዳ ታየዋለች። ሌላው ዎርድ ምን ሊሠራ ይገባል? ሁሉም በየጉድጓዱ ነው።»

ጀሚል ታሂርን ሲያይ ከመስኮቱ ጀርባ ብድግ አለ።

«ወላሂ፣ ሰው አልገደልኩም!»

«ገደልክ ያለህ ማነው? ቁጭ በል።»

ጀሚል ቁጭ አለ፤ ምላሱ ግን አልተቀመጠም። እረፍት በጠየቀው ቁጥር ይድነቃቸው «ወባው ይለፍ» ይለው እንደነበር አወራ። «ወባው እዚህ አገር ያልፋል እንዴ? ሚስቴ እኮ እንደ እንግዳ ነው የምታየኝ። ግን ምስኪን ነበር፤ እሱም አይተኛም። እነ ቆንጅት ማዋለጃ ከገቡ በኋላ በመስኮት አየሁት፤ ግሉኮሱ ቀስ እያለ ይንጠባጠባል፣ እሱ ያንኮራፋል። ዛሬስ አረፈ ብዬ አለፍኩ።»

«ሕይወቱ እንዳለች እርግጠኛ ነህ?»

«ሬሳ ያንኮራፋል እንዴ?»

ታሂር ሊስቅ ፈልጎ ተወው። ጀሚል ቀጠለ፦ «እዚህ ቤት መከራዬን የሚያበሉኝ ነርሶቹ ናቸው፤ ፋሻ፣ ፋሻ፣ ፋሻ! ካሳው ግን የተባረከ ነው። መስከረም ከጠባ ለማይክሮስኮፑ ዘይት እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ካሳው የላቦራቶሪው?»

«አዎ። ብቻውን ነው፣ ከዚያች ክፍል አይወጣም። ምሳውንም እዚያው ነው የሚበላው።»

ታሂር ላቦራቶሪው በር ላይ ሲደርስ ወረፋው እስከ አጥሩ ይደርስ ነበር። ካሳው ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ዓይኖቹ ከቆንጅት ይብሳሉ፤ እጁ ግን አይንቀጠቀጥም።

«ከጠዋት ጀምሮ ያተኩሰኛል፤ እስቲ ደሜን እየው» አለው ታሂር፤ ምንም አላተኮሰውም።

ካሳው ጣቱን ወጋው፣ ደሙን በጠፍጣፋ ብርጭቆ ላይ ቀባ፣ ቀለም አፈሰሰበት፣ አጠበው፣ አደረቀው። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ጥቂት ቆየና ቀና አለ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ሥር ካለው የበረኪና ባልዲ ውስጥ ጣለ።

«ነጻ ነዎት። ወባ የለብዎትም።»

«አልሐምዱሊላህ። ስለ ይድነቃቸው ምን ትላለህ?»

«ቆንጅት ታሳዝነኛለች። ድካም ነው ያሳሳታት፤ ማንም ይሳሳታል። ባይጨክኑባት ጥሩ ነው» አለ ካሳው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

ታሂር አንገቱን ነቀነቀ። ዓይኑ ግን ከማይክሮስኮፑ አጠገብ ያለችው ትንሽ የዘይት ጠርሙስ ላይ ነበር። ክዳኗ አቧራ ለብሷል፤ ከጠርሙሷ እስከ ግድግዳው ሸረሪት ድሯን ዘርግታለች። በወባ ስንት ጊዜ ታሞ ስንት ላቦራቶሪ ውስጥ የጠበቀ ሰው ነውና፣ ባለሙያ የወባ ደም ሲያይ ብርጭቆው ላይ ዘይት ጠብ ሳያደርግ እንደማያይ ያውቃል። ካሳው ጠብ አላደረገም። ታሂር ወደ ውጭ አየ፤ አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ «ነጻ ነው» ተብላ፣ እየመረቀች ከግቢው ትወጣለች።

ብዙ አልቆየም። አራቱን ሠራተኞችና ዘነበችን በዎርዱ በረንዳ ላይ ሰበሰባቸው። የሟቹን ላስቲክ በአንድ እጁ፣ ከዎርዱ ያመጣውን ባለቋጠሮ በሌላ እጁ ያዘ።

«ራሷን ከከሰሰችው እንጀምር» አለ። «ቆንጅት የሕመምተኛውን አሳስታ አንስታ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ቋጠሮ ይኖረው ነበር። ይኸው፣ የለውም። ከዎርዱ ሲወጣ ኩዊኒን የሌለበት ግሉኮስ ነበር ማለት ነው።»

«መቋጠሩን ረስቼ ቢሆንስ?» አለች ቆንጅት።

«ረሳሽ እንበል። ጀሚል በመስኮት ሲያይ ሰውዬው ያንኮራፋል፣ ጠብታውም ቀስ ያለ ነው፤ አንቺ ያኔ ማዋለጃ ክፍል ነሽ። እኔ ስደርስ መቆጣጠሪያዋ ወለል ብላ ተከፍታለች። የከፈታት እጅ ያንቺ አይደለም። የራዊያም አይደለም፤ አብራችሁ ነበራችሁ። አንድ ሰው ገብቶ የተንጠለጠለው ላስቲክ ውስጥ በመርፌ ኩዊኒን ጨምሮ ለቀቀበት።»

ቆንጅት አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ጀሚል ዋሽቶ ቢሆንስ?» አለ ካሳው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጥሩ ጠየቅህ። ገዳዩ ጀሚል ቢሆን ቆንጅትን የሚያድን ቃል ለምን ይሰጠኛል? ደግሞስ ገዳዩ ጥፋቱ በእሷ እንዲሳበብ ነው የፈለገው። ቋጠሮውን የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ አንዲት የፋሻ ቁራጭ አስሮ ይወጣ ነበር፤ ያኔ ቆንጅትን እኔም አላድናትም። ያላሰረው ስለማያውቅ ነው። ጀሚል በቋጠሮው ቀን ከቀን ሲነጫነጭ ነው የሚውለው። ዘነበች ዎርዱን ታጸዳለች፣ በየቀኑ ታየዋለች። የማያውቀው ከላቦራቶሪው የማይወጣው ሰው ብቻ ነው።»

 ታሂር አብሮት የመጣውን ፖሊስ አስፋውን ጠቀሰው፤ አስፋው ከላቦራቶሪው ጠረጴዛ ሥር ያለውን የበረኪና ባልዲ አምጥቶ ውሃውን ደፋው። ከተጠቀሙባቸው የደም ብርጭቆዎች መካከል የተሰበሩ የኩዊኒን ብልቃጦች ወጡ።

«የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» አለ ታሂር። «ሜዳ ላይ ቢጥላቸው ማን ያገኛቸው ነበር? ግን ስለት ያለው ብርጭቆ በረኪና ውስጥ ይጣላል ተብሎ ተምሯል፤ በዚያች ሰዓትም እጁ ከዚህ ሌላ አላወቀም። ይድነቃቸው ወረዳ ሊናገር የነበረው የቆንጅትን እንቅልፍ አይደለም። አቧራ የለበሰችውን የዘይት ጠርሙስ እኔ ዛሬ አየኋት፤ እሱም ሳያያት አልቀረም። ካሳው፣ ከመስከረም ወዲህ አንድም ደም አይተህ አታውቅም።»

ካሳው አልካደም። በረንዳው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና ዓይኑን በሁለት መዳፉ አሸ።

«መጀመሪያ አይ ነበር» አለ። «ከዚያ ዓይኔ ማንባት ጀመረ፤ ሁሉም ነገር ተደበላለቀብኝ። እረፍት ስጠኝ፣ አንድ ሰው ጨምርልኝ አልኩት። ወባው ይለፍ አለኝ። ወረፋው አያልቅም። አንድ ቀን ሳላይ ‹ነጻ ነህ› አልኩ፤ ምንም አልመጣም። በማግስቱ ለሁለት ሰው አልኩ። የሮቢቷ ልጅ፣ ሔራን፣ ‹ነጻ ነሽ› ብያት ቤቷ ሞተች። እሱ ደረሰበት። ስንት እንደገደልክ ትቆጥራለህ አለኝ። እንዴት ብዬ ልቁጠር?»

ራዊያ «ኢና ሊላሂ» ብላ ፊቷን አዞረች። አስፋው ሰንሰለቱን አወጣ። ቆንጅት አሁን ነጻ ናት፤ ሰው አልገደለችም። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። ከዚያ እንባዋን ሳትጠርግ ተነስታ ካሳው ፊት ቆመች።

«ዛሬ ነጻ ናችሁ ብለህ የሸኘሃቸውስ?»

«አንዱንም አላየሁም፣ ቆንጅት።»

 ታሂር የፖሊስ መኪናውን አየ፣ የታሰረውን ሰው አየ።

«አስፋው፣ እሱን በባጃጅ ቆቦ አድርሰው። መኪናው ሌላ ሥራ አለው።»

ጀሚል ያለ አንዲት ንጭንጭ የወባ መድኃኒት በካርቶን ሞልቶ አመጣ። ለቀረው ሕመምተኛ እሱ እንዲቆይ ተደረገ። ቆንጅት «መልካቸውን የማውቀው እኔ ነኝ» ብላ ከራዊያ ጋር ከኋላ ገባች፤ ታሂር ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠ። መኪናው አስፋልቱን ለቆ በማሽላው መካከል ወደሚያልፈው የአቧራ መንገድ ሳይታጠፍ ቆንጅት ጭንቅላቷን ራዊያ ትከሻ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። መንገዱ ያንገጫግጫል፤ አልነቃችም።

የመጀመሪያው መንደር ሲቃረብ ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከአንድ ግቢ ዋይታ ይሰማል። ቅድም ልጇን አዝላ እየመረቀች የወጣችው ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መሬት ላይ ትንከባለላለች።

ታሂር ወደ ኋላ ዞረ። «እንቀስቅሳት?»

ራዊያ የቆንጅትን ጭንቅላት ከትከሻዋ ላይ ቀስ አድርጋ አንስታ ወንበሩ ላይ አስደገፈችውና ሻሿን አስተካከለች።

«ትተኛ፣ ጋሼ። ይህን ቤት እኔ እገባለሁ። የሚቀጥለው ቤት ላይ ታስፈልገኛለች» ብላ ወረደች።