በስባሪ መስታወት ላይ የተቀመጠ ጫማ

መርማሪ ኤልዳና ስትደርስ የአራቱ ሟቾች አስከሬን ገና ከምንጣፉ አልተነሣም ነበር። ከፌርፋክስ ጎዳና ገባ ብላ በምትገኝ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ በእሑድ ቅዳሴ መካከል፣ ፊቱን የሸፈነ ሰው ከውጭ ቆሞ በመስታወቱ በር ተኩሶ ተሰወረ። ምእመናኑ በባዶ እግራቸው በጓሮ በር ሸሹ። ከሟቾቹ አንዷ ሃይሚ ናት፤ እናቷ እትዬ አበባ ከራስጌዋ ተቀምጠዋል፣ ወንድሟ ወንዳፍራሽ እግሯን አቅፎ ያለቅሳል።

«ልጄ፣ የገደለብኝን ሳታሳዪኝ እንዳትሄጂ» አሏት እናቲቱ ኤልዳናን።

ፖሊሶቹ የታክሲ ሾፌሩን ግዛውን ይዘዋል፤ ከምእመናኑ መካከል ጫማ ተጫምቶ የተገኘ እርሱ ብቻ ነው።

«ጋሼ ግዛው፣ ለምን አልገቡም?»

«በልቼ ነበራ! ከኤርፖርት ስመለስ ዶናት ቀመስኩ። ሶ፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ከዛፉ ሥር ቆምኩ። የበላ ሰው ደጅ ይቆማል፤ ይህን ለፈረንጅ ፖሊስ እንዴት ላስረዳ?»

«ተኳሹን አዩት?»

«በግንባሬ ነው የተደፋሁት። ጀግና መሰልኩሽ?»

ወንዳፍራሽን ጠየቀችው።

«ከመጀመሪያው ውስጥ ነበርኩ፣ ከወንዶቹ ኋላ። ጫማዬም በሩ ሥር ነው፤ ጥቁሩ።»

«አልወጣህም?»

«አንድም ጊዜ።»

ኤልዳና በሩ ሥር ተንበርክካ ጫማዎቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያም ሰዎቹን ሁሉ እዚያው ሰበሰበች።

«በሩ በመጀመሪያው ጥይት ረገፈ። ስባሪው ጫማዎቹ ላይ ዘነበ፤ የሁሉም ውስጡ መስታወት ነው። የአንዱ ግን ውስጡ ንጹሕ ነው፣ መስታወቱ ያለው ከሥሩ ነው። ከተኩሱ በኋላ ተቀምጧል ማለት ነው። ፖሊሱም ሐኪሙም፣ እኔም፣ በጫማችን ገባን። ተኳሹ ግን መሣሪያውን ጥሎ ሲመለስ የለመደውን አደረገ፤ አውልቆ፣ አስተካክሎ አኖረው።»

«የማን ነው?» አሉ እትዬ አበባ።

መልሱን ከሰጠች ሴትዮዋ ልጅ እንደማይቀርላቸው ኤልዳና ታውቃለች።

«ጥቁሩ ነው፣ እትዬ።»

ሁሉም ወደ ወንዳፍራሽ ዞረ።

«ምን አደረጉህ፣ አንተ ልጅ?» አለ ግዛው። ወንዳፍራሽ እናቱን ብቻ ነበር የሚያየው።

«ሃይሚ ዛሬ ቶራንስ ከተማ ሥራ ገብታለች ብለሽኝ ነበር እኮ፣ እማዬ።»

«ሥራው ይቅርብሽ፣ አስቀድሺ ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ።

ሌላ አልጠየቁትም። ጎንበስ ብለው የሃይሚን ጫማ አነሡ። ማስረጃ ነው፣ አይንኩ ማለት የኤልዳና ግዴታ ነበር፤ አላለችም። እትዬ አበባ አንዱን ገለበጡት፣ ስባሪው እየተንኳኳ ወረደ። ቀጥለው ሌላውን ገለበጡት።