የአባባ ኩይልጋ ቆብ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ የማወራችሁ ግን ከሰው የሰማሁትን ሳይሆን በገዛ አፌ የሆነውን ነው።

ጠራራ ፀሐይ ነበር። ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ዋጋዱጉ ከተማ ዳርቻ፣ ሰው ስሙን ጮክ ብሎ የማይጠራው እስር ቤት ውስጥ...

አባባ ኩይልጋ የሞቱት በዚያ ሰዓት ነው።

ሽማግሌው የታሰሩት በልጃቸው ነው። ልጁ በመንግሥት ላይ ወረቀት ይበትናል ተባለ፤ እሱን ሲያጡት አባቱን አመጡ። የሚመረምረን ሻምበል ልጁን በመልክ አያውቀውም። ስሙን ቀይሮ እንደሚኖር ብቻ ሰምቷል።

በየቀኑ ያችኑ ጥያቄ ይጠይቃቸው ነበር። "ልጅህ የት ነው?"

ትንፍሽ ሳይሉ ሞቱ።

እኔ በአድማ ታስሬ ከሳቸው ጋር አንድ ክፍል የገባሁ መካኒክ ነኝ። እሳቸው የሞሲ ጎሳ፣ እኔ የሳሞ። በኛ አገር ሞሲና ሳሞ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው፤ ስድባችን ፍቅራችን ነው፣ በመሃላችን አንቱታ የለም።

"ነቃህ፣ አንተ ውሻ በላተኛ?" ይሉኛል ጠዋት ጠዋት።

"ዝም በል፣ አንተ የአህያ ሥጋ በላተኛ!" እላቸዋለሁ። ያ ሳቅ ባይኖር ክፍሉ ቀድሞ ይገድለን ነበር።

ሰው ሲሞት ደግሞ ወግ አለ። የቀልድ ዘመዱ የሟቹን ልብስ ይለብስና እሱን ይሆናል። እንደሱ ይሄዳል፣ እንደሱ ይናገራል፤ ለቀስተኛው እየሳቀ ያለቅሳል። በመጨረሻ የሟቹ ዘመድ የሚታኘክ የኮላ ፍሬ ይሰጠዋል። ያኔ ያቆማል፣ ሟቹም መንገዱን ይሄዳል።

ሬሳቸውን በብርድ ልብስ ጎትተው ወሰዱት። የቀረው ቆባቸው ነው።

ቆቡን አነሳሁ።

"ተው፣ ድራቦ..." አለኝ ላሳኔ በሹክሹክታ። ላሳኔ ሦስተኛው የክፍላችን ሰው ነው፣ እሱም ሞሲ። "ማን ኮላ ሊሰጥህ ነው?"

"አንተ ሞሲ አይደለህ?"

"ሞሲ ነኝ እንጂ ዘመዳቸው አይደለሁማ!"

"እንግዲያ ሲበቃኝ አቆማለሁ።"

ሽማግሌው ሳይለቀስላቸው ሲቀሩ አንጀቴ አልቻለም። ቆቡን ደፋሁ። እንደሳቸው ሁለቴ ሳልኩ፣ ግራ ጉልበቴን ይዤ አነከስኩ። ላሳኔ እንባው እየወረደ ሳቀ።

በቃኝ፣ ላቁም አልኩ...

አፌ አልቆመም።

"ጉድጓዱ ደረቀ አሉ?" አልኩ። የምን ጉድጓድ? "ከቤቱ ጀርባ ያለው... ልጄ በሕፃንነቱ የወደቀበት..."

የሳቸውን መንደር አይቼው አላውቅም።

"ይበቃል፣ ድራቦ።"

አቁሜያለሁ ልለው ፈለግኩ። የወጣው ሳል ነው።

ላሳኔ ወደ ግድግዳው ሸሸ። "ጉልበትህን እየው..." አለ።

አየሁት። ግራው አብጧል። ልክ እንደሳቸው።

በሩ ላይ የነበረው ዘብ በሽንቁር አየና ምንም ሳይል ሮጠ።

የፈሩት ይደርሳል። ሻምበሉ አስጠራኝ።

ቢሮው ውስጥ ሻምበሉና ጸሐፊው አንሴልም ነበሩ። አንሴልም ቃላችንን በታይፕ የሚመታ ዝምተኛ ወጣት ነው።

"የሽማግሌው ድምፅ አለህ አሉኝ" አለ ሻምበሉ ፈገግ ብሎ። "ጥሩ፣ እሱኑ ልጠይቀዋ። ልጅህ የት ነው?"

ጥርሴን ነከስኩ። እኔ አላውቅም። ጉሮሮዬ ውስጥ ያለው ግን ያውቃል... ሊናገርም ፈልጓል። ሊከዳው አይደለም፣ ናፍቆታል። ሙት ምን ፍርሃት አለው? የልጁን ስም መጥራት ብቻ ነው የፈለገው። በኔ አፍ የሽማግሌው ልጅ ሊያዝ ነው።

"ልጄማ..." አለ አፌ።

"እህ?" ሻምበሉ ተጠጋ።

"ልጄማ እዚሁ..."

ታይፑ ቆመ።

"ጌታዬ፣ ጉሮሮው ደርቋል። ይህን ያኝክ" አለ አንሴልም። ከኪሱ ኮላ አወጣና ለሁለት ሰበረ። ግማሹን መዳፌ ላይ አኖረው።

ወዲያው ጉሮሮዬ ተከፈተ። ጉልበቴ ቀለለኝ።

ኮላውን መስጠት የሚችለው ዘመድ ብቻ ነው...

ቀና ብዬ አየሁት። ቶሎ ዓይኑን ሰበረ። ሽማግሌው እዚያ ክፍል ውስጥ በተገረፉ ቁጥር ታይፑን ሲመታ የነበረው እሱ ነው።

"ቀጥል እንጂ! እዚሁ የት?"

"አላውቅም ጌታዬ። እኔ ድራቦ ነኝ።"

በጥፊ አጮለኝ። ቆቡ ወደቀ። ሻምበሉ አነሳው፣ አገላበጠውና ሳቀ።

"ምስጢሩ ይቺ ናት?" ብሎ ራሱ ላይ ደፋው። "እስቲ አንሴልም፣ እመስለዋለሁ?" ለማሾፍ ሁለቴ ሳለ።

አንሴልም አልሳቀም።

"ጌታዬ፣ ያውልቁት..." አልኩ።

"ውጣ ከዚህ!"

ከዚያ ወዲያ ለምርመራ የሚጠራን ጠፋ። ዘቦቹ የሻምበሉን ስም ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

አንድ ቀን በቀትር የሽንት ባልዲ ልደፋ ወደ ግቢው ወጣሁ። የቢሮው መስኮት ክፍት ነው፣ ታይፑ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ሻምበሉ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ባዶ እግሩን ነው። ቆቡን አላወለቀም።

እያነከሰ መስኮቱ ሥር ደረሰ። ዘቦቹ ሁሉ ያዩታል። አሁን ስሙን ይጠራዋል፣ ልጁ አለቀለት ብዬ ባልዲውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

"ልጄ..." አለ በሽማግሌው ድምፅ። "ምሳ በላህ?"

ታይፑ ቆመ።

ከዚያ ከመስኮቱ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ...

"በላሁ፣ አባዬ።"