ጣርማበርን የተዋሰው ልጅ

«መኪናው ኤንትሬ ነበር፤ ትልቅ የጭነት መኪና» አለ ናቲ በደች ቋንቋ፣ የጫማውን ማሰሪያ እየጎተተ። «ጉሙ ሲወርድ አጎቴ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ አያይም። ስለዚህ እኔ ነጭ ነጠላ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ፤ እሱ ነጠላዬን እያየ ከኋላ ይነዳል። በግራ በኩል ገደል ነው። ስድስት ዓመቴ ነበር።»

«ኤኽት?» አለ የክፍል ጓደኛው ጀሩን አፉን ከፍቶ፤ እውነት? ማለቱ ነው።

«ኤኽት» አለ ናቲ።

ሐምራዊት ትንሽ ራቅ ብላ በረዶው ላይ ተንበርክካ ነበር። እጇ ማሰሪያው ላይ ቆመ። መኪናው የአጎቷ የዓለማየሁ ነበር። ጉሙም የጣርማበር ጉም ነበር። በዚያ ጉም ውስጥ የረዳቱን እጅ አጥብቃ ይዛ ከመኪናው ፊት የሄደችው እሷ ናት፤ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። በናቲ ታሪክ ውስጥ ግን ረዳት የሚባል ሰው የለም። ናቲ ብቻውን ነው የሚሄደው።

ማሰሪያዋን አጥብቃ ተነሣች።

ክፍሉ ከሮተርዳም በአውቶብስ ተጉዞ ኦስትሪያ የገባው ከትናንት በስቲያ ነበር። ታች ሸለቆው ውስጥ መጋቢት የጸደይ ወጉን ጀምሯል፤ ሣሩ ብቅ ብሏል፣ ወንዙም ሞልቷል። ሽቅብ ሲወጣ ግን ክረምቱ እንዳለ ነው። ለዚህም ነው ሁሉም እንደ ሰፌድ የሰፋውን የበረዶ ጫማ ከራሱ ጫማ ስር የሚያስረው፤ ያለሱ እግር እስከ ጉልበት ይሰምጣል። አብዛኛው ልጅ ሳቅ በሳቅ ሆኖ እንደ ዳክዬ እየተወላገደ ነበር። እነሱ ባደጉበት ከተማ ሽቅብ መውጣት ማለት ድልድይ መውጣት ነው።

ውሸቱን የጀመረው ናቲ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከጉዞው በፊት የስፖርት አስተማሪያቸው ሚኔር ኮስተር ክፍል ውስጥ ቆሞ «ናቲ፣ አንተማ የተራራ ልጅ ነህ፣ አይደል?» ብሎ ጠየቀ። ናቲ የተወለደው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው፤ እንደ መዳፍ የተዘረጋ ሜዳ ላይ። ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ሆኖም ሁሉም ዞረው ሲያዩት «አዎ» አለ። ሐምራዊትን የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም እጇን አላወጣችም። ከዚያ በኋላ «አዎ»ው ታሪክ ፈለገ። ናቲም ታሪኩን ከየት እንደሚያመጣ ያውቅ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን የአማርኛ ትምህርት ሲመለሱ ትራም ላይ ሐምራዊት ያወራችለት ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር።

ቤታቸው አንድ ሕንፃ ላይ ነው። የናቲ እናት እትዬ አበባይሽ ስኪፖል አየር ማረፊያ የአውሮፕላን ጽዳት ስለሚሠሩና ፈረቃቸው ስለሚለዋወጥ፣ ልጁ ግማሹን ራት የሚበላው እነ ሐምራዊት ቤት ነው። አውቶብሱ ሊነሣ ሲል እትዬ አበባይሽ በመስኮቱ በኩል እጃቸውን ዘርግተው «ሐምራዊትዬ፣ አደራሽን» ብለዋት ነበር። «ይሄ ልጅ አፉ ከእግሩ ይቀድማል።»

ተራራው ወገብ ላይ ካለችው የእንጨት ጎጆ ደርሰው ምሳ ከበሉ በኋላ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። የደከማቸው ከአገሬው ተወላጅ መሪያቸው ከሄርታ ጋር ጎጆዋ ውስጥ ቀሩ። ሚኔር ኮስተር ደግሞ ጉልበት ያላቸውን አራት ልጆች፣ ናቲን፣ ሐምራዊትን፣ ጀሩንንና ሳስኪያን ይዞ ከጎጆዋ በላይ ያለውን ከፍታ ሊያሳያቸው ወጣ። መንገዱ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ዳገቱን በሰፊው ዞሮ ነው የሚወስደው። ሐምራዊት ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት። ትንፋሿ ከእርምጃዋ ጋር ገጠመ፤ ቀዝቃዛው አየር የሆነ የምታውቀው ነገር ይሸታል።

ሲመለሱ ሳስኪያ ወደቀች። የበረዶ ጫማዋ ከሌላኛው ጋር ተጠላልፎ ነው። ቁርጭምጭሚቷ ወዲያው አበጠ፤ መቆም አቃታት። ያኔ በኪስ የሚያዝ ስልክ የነበረው ሰው እምብዛም ነው፤ ሚኔር ኮስተርም አልነበረውም። ቁልቁል ተመለከተ። የጎጆዋ ጣሪያ ከታች ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«እኔ ከእሷ ጋር እቆያለሁ» አለ። «ሦስታችሁ ውረዱና ለሄርታ ንገሯት፤ ሳስኪያን የምንጎትትበትን መንሸራተቻ ይዛ ትምጣ። የመጣንበትን ዱካ አትልቀቁ። ናቲ፣ አንተ ተራራ ታውቃለህ፤ ፊት ሁን።»

ናቲ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ሐምራዊት አላየም።

ብዙም ሳይወርዱ ጉሙ መጣ። ከሸለቆው ተነሥቶ ሽቅብ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ ጎጆዋን፣ ቀጥሎ ጥዶቹን፣ በመጨረሻም ከጫማቸው ጫፍ በቀር ሁሉንም ሸፈነው። ናቲ ቆመ። ዱካቸው ወደ ግራ ይጠማዘዛል። ጎጆዋ ደግሞ፣ ጉሙ ከመምጣቱ በፊት እንዳዩት፣ በቀጥታ ከታቻቸው ነበረች።

«በዚህ እናቋርጥ» አለ ወደ ታች እየጠቆመ። «ዱካው ይዞራል። ሳስኪያ እየበረዳት ነው።»

«ጥሩ ሐሳብ» አለ ጀሩን በደች፣ እየተከተለው።

ሐምራዊት አልተንቀሳቀሰችም። እንዲህ ያለ ጉም ታውቃለች። ረዳቱ አስራት እጇን ይዞ «ሩቁን ተይው፣ የቆምሽበትን አትልቀቂ» ይላት ነበር። ይህን ጮክ ብላ በደች ብትናገር ጀሩን «አንቺ በምን ታውቂያለሽ?» ይላታል። ከዚያ ናቲ አለቀለት፤ ክፍሉ በሙሉ ሐሜተኛ ነው። ስለዚህ በአማርኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ናቲ፣ ቁም። ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ወደ ዱካው ተመለስ።»

«ላት ማር፣ ሐምራ» አለ፣ ተይው ለማለት። ዞር ብሎ አያት፤ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ልመና ነበር። «ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

ከዚያም ቁልቁል ሄደ። ጀሩን ከኋላው ተከተለ። ሐምራዊት ጀሩን የሚከተለው ናቲን እንዳልሆነ ገባት። የሚከተለው ኤንትሬውን፣ ነጠላውንና በግራ በኩል ያለውን ገደል ነበር። የሚከተለው የእሷን ታሪክ ነበር።

ድምፁን የሰማችው ያኔ ነው፤ ከበረዶው ስር የሚሄድ ውሃ።

«ቁሙ!» አለች በደች። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። ጀሩን ባለበት ቀረ። ናቲ ግን አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር። በረዶው ከስሩ ከዳውና እስከ ወገቡ ገባ።

አልጮኸም። በክንዶቹ ጠርዙን ይዞ ተንጠለጠለ፤ ዓይኑ ብቻ ፈጠጠ። «ውሃ ነው» አለ በአማርኛ። «እግሬ ውሃ ውስጥ ነው።»

ሐምራዊት በሆዷ ተኝታ የምትመረኮዝበትን ዘንግ ዘረጋችለት፤ ጀሩን ደግሞ ከኋላ እግሯን ያዘ። ጎተቱ። በረዶው ሁለት ጊዜ ተደረመሰ፤ በሦስተኛው ናቲ በደረቱ እየተሳበ ወጣ። ሱሪው ከወገቡ በታች ጥቁር ሆኖ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።

«በመጣንበት እንመለሳለን» አለች ሐምራዊት። «እስከ ዱካው ድረስ ሽቅብ፣ ከዚያ በዱካው።»

ጀሩን አያት። «አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

«በኋላ እነግርሃለሁ።»

ፊት ሆነች። ጎንበስ ብላ የራሳቸውን እርምጃ እያነበበች ሽቅብ ወጣች፤ ዱካውን አገኘችው፤ ወደ ግራ ሲጠማዘዝ አብራው ተጠማዘዘች። የናቲ ጥርስ ሲገጫጭ ከኋላዋ ትሰማለች። የጎጆዋ በር ድንገት ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል ሐምራዊት እጇን ዘርግታ እንጨቱን ነካችው።

ሄርታ መንሸራተቻውን ይዛ ወጣች። ሳስኪያን ጠቅልለው አወረዷት፤ አጥንቷ አልተሰበረም፣ ወለምታ ብቻ ነበር።

ሁሉም ሸለቆው ውስጥ ወዳለው ማደሪያቸው ተመልሰው ራት ላይ ሲቀመጡ፣ ሚኔር ኮስተር በማንኪያ ብርጭቆውን መታ መታ አደረገ። «ናቲ ባይኖር እኔና ሳስኪያ እስካሁን እዚያው ነበርን» አለ። ልጆቹ ጠረጴዛውን ደበደቡ። ናቲ ድንቹን በሹካ ከወዲያ ወዲህ ይገፋ ነበር። ጀሩን መጀመሪያ ናቲን፣ ቀጥሎ ሐምራዊትን አየ።

«‹በኋላ› ያልሽው አሁን ነው?» አላት በጆሮዋ።

«ጠዋት» አለችው።

ከራት በኋላ ካልሲዋን ለማምጣት ጫማ ወደሚደርቅበት ክፍል ወረደች። ናቲ ከማሞቂያው ጎን ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሱሪው ከበላዩ ተሰቅሏል።

«ለምን አልነገርሽውም?» አለ። «ጀሩን ሲጠይቅሽ።»

«እየተንቀጠቀጥክ ነበር።»

ሐምራዊት ካልሲዋን አነሣች፤ ግን አልወጣችም።

«የእኔን ለምን ወሰድክ?»

«ታዲያ ምን ልበላቸው? ገዳሪፍ ድንኳን ነው፣ አቧራ ነው፣ የውሃ ሰልፍ ነው። ሮተርዳም በመጣሁ ሰሞን አንዴ ለሚኔር ኮስተር ነግሬው ነበር። ቦታው የት እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ‹ዋት ዚሊኽ› አለኝ፤ ታሳዝናለህ ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ አልተቆጣኝም። ኳስ ሲስቱ ሌላው ሁሉ ላይ ይጮሃል፣ እኔ ስስት ግን ዝም። ያ ምን ዓይነት ስሜት እንደሆነ አታውቂውም።»

አታውቀውም ነበር። ማሞቂያው ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ረዳቱን ለምን አወጣኸው?» አለች።

«የቱን ረዳት?»

«እጄን የያዘኝን። በአንተ ታሪክ ውስጥ የለም።»

ናቲ ግራ ገባው። «እኔ ምን አውቄ... ብቻዬን ስሆን ያምራል ብዬ ነዋ።»

«አስራት ነው ስሙ። ነጠላውን የለበሰው እሱ ነበር፣ እኔ አልነበርኩም። በዓመቱ ለጦርነት ወሰዱት፤ አልተመለሰም። አጎቴ ሌላ ረዳት ቀጠረ።» ይህን ትራም ላይ ነግራው አታውቅም። ለማንም ነግራ አታውቅም።

ናቲ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሳበ። 

«ጠዋት ጀሩን ይጠይቀኛል» አለች። «ከጠየቀኝ አልዋሽም።»

«እሺ።»

«ከእኔ ቀድመህ ወርደህ ራስህ ከነገርከው ግን...» አልጨረሰችውም። ካልሲዋን ይዛ ወጣች።

ጠዋት ከሁሉም በፊት ለብሳ ጨረሰች። የክፍል ጓደኞቿ ፀጉራቸውን እያበጠሩ «ቁርስ አትወርጂም?» አሏት። «እመጣለሁ፣ ሂዱ» አለቻቸው። በመስኮቱ ሲታይ ሰማዩ ጠርቷል፤ ትናንት የወጡበት ተራራ ዳገቱ ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ከታች የሳህንና የማንኪያ ድምፅ ይመጣል፤ ወንበር ይጎተታል፣ ሰው ይስቃል። ቆይቶ ጫጫታው እየቀነሰ ሄደ። በመካከሉ የናቲ ድምፅ ብቻውን ቀረ፤ ቃላቱ አይለዩም፣ እንደ ወትሮው ግን አይፈጥንም። አንዴ ቆመ። እንደገና ጀመረ።

ሐምራዊት በሩ ድረስ ሄዳ እጀታውን ያዘች። ከዚያ ለቀቀችው። ተመልሳ ያነጠፈችውን አልጋ ገለጠችና ከአንሶላው ጀምራ፣ በቀስታ፣ እንደገና ማንጠፍ ጀመረች።