ያልተዘለሉት አምስት ጥያቄዎች

«ልጅዎ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ የተኩስ ድምፅ ሰምታለች?»

«እንጃ፣ ቆጥሬ አላውቅም» አለች የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ። ጠያቂው፣ ወጣቶች ለጠመንጃ ጥቃት ምን ያህል እንደተጋለጡ የሚያጠናው ቀጭን ሰው፣ አላጣደፋትም። «ልጅዎን ጠይቀው ነገ ይነግሩኛል» ብሎ ቦታውን ክፍት ተወው። በማግስቱ ጠዋት የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ልትጠርግ ስትገባ ጠያቂው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ደረቱን በጥይት ተመትቶ ሞቷል።

መርማሪዋ ረፋዱ ላይ ደረሰች። ትናንት ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ግቢው ውስጥ የቀሩት አዋቂዎች ርዕሰ መምህሩ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ዘበኛውና የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ነበሩ።

«አባባ፣ ትናንት አመሻሽ ላይ ተኩስ ሰምተዋል?» አለችው ዘበኛውን።

«የትኛውን?»

«ብዙ ነበር?»

«ልጄ፣ እዚህ ሰፈር ተኩስ የሚቆጥር ሰው እሱ ብቻ ነበር። እሱንም ገደሉት።»

ቀጥሎ የሒሳብ መምህሩ ቃሉን ሰጠ። «ጥያቄዎቹን ከነመመሪያቸው ጮክ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። አርባ ተማሪዎች ናቸው። ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ። እሱ ቅጹን ሲሰበስብ ‹አዎ› ያሉትን እየቆጠረ ፖስታው ጀርባ ላይ ይጽፋል።»

«የተረፉት ባዶ ቅጾችስ?»

«ለርዕሰ መምህሩ አስረከበ።»

ርዕሰ መምህሩ ግን ገና ሳይጠየቅ ተቆጣ። «እኔ ቅጹ ሲሞላ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ዘበኛውን አትይዙም? ከሱ ሌላ መሣሪያ ያለው ማን ነው?»

«ኧረ ጌታዬ!» አለ ዘበኛው ከበሩ ላይ፤ «የኔ ዱላ ከመቼ ወዲህ ነው የሚተኩሰው?»

መርማሪዋ ፖስታውን ገለበጠችው። «ጥያቄ 3፦ ግቢ ውስጥ መሣሪያ ያዩ — 1» ይላል። አርባውን ቅጽ አገላበጠች። «አዎ» ያለ አንድም የለም።

ቀና ስትል የጽዳት ሠራተኛዋን ዓይኗን ቅጾቹ ላይ ተክላ ወለሉን ስትወለውል አየቻት።

«እናቴ፣ አንድ ቦታ ብቻ ነው እኮ የሚወለውሉት።»

«ልይላችሁ? ማንበብ ገና ከዘበኛው ጋር እየተማርኩ ነው፤ እንደናንተ አልፈጥንም።»

ጣቷን በየቃሉ ላይ እያሳለፈች አነበበች። ቅጽ በቅጽ፣ ከ4 እስከ 8 ያለው ቦታ ባዶ ነው። አንዱ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ጥያቄ 3 ሥር ‹አይ ካሉ ወደ 9 ይለፉ› ይላል። ይሄኛው አላለፈም፤ ሁሉም ላይ ‹የለም› ብሎ ጽፏል።» ቀጥላ ከላይ ያለውን ቁጥር አየች። «አሥራ ሰባት... የልጄ ቁጥር ናት። ለኔ ብቻ ነው የነገረችኝ።»

ልጅቱ ከትምህርት በኋላ ቢሮዎቹን አብራት ታጸዳለች። ገዳዩ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ካሰላ ቀጣይዋ እሷ ናት።

«ለማንም እንዳይናገሩ» አለች መርማሪዋ።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ፖስታው አንድ ልጅ መሣሪያ አይቷል ይላል፤ ቅጾቹ ማንም አላየም ይላሉ። ስለዚህ አንድ ቅጽ ተለውጧል። እሱም መዝለል የነበረበትን አምስት ጥያቄ በሙሉ የመለሰው ነው። መምህሩ በገዛ አፉ ያነበበውን መመሪያ አይስትም። አባባ ገና ፊደል እየለዩ ነው፤ ከአርባ ቅጽ አንዱን መርጠው አያወጡም። እኚህ እናት ደግሞ አንድ ቃል እንኳ አይዘሉም።»

«እና?» አለ ርዕሰ መምህሩ ፈገግ ብሎ።

«እና በምትኩ ለመሙላት ባዶ ቅጽ ያስፈልጋል። ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው።»

አንድ ፖሊስ ከርዕሰ መምህሩ መኪና ያገኘውን ቦርሳ ይዞ ገባ። ውስጡ ሽጉጥና ለማቃጠል ጊዜ ያላገኘለት ቅጽ ነበር። ጥያቄ 5፣ «የት አዩት?» በሚለው ሥር በልጅ እጅ ጽሑፍ «ርዕሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ» ተብሏል።

«ሽጉጡ ፈቃድ የለውም» አለች መርማሪዋ። «ጠያቂው ‹አስረክቡት› አለዎት፣ አይደል?»

ርዕሰ መምህሩ ወንበሩ ላይ ተንሸራቶ ተቀመጠ። «ካመለከተ ሥራዬ አበቃ። ልጁ ማን እንደሆነ ንገረኝ አልኩት። ቁጥር እንጂ ስም የለኝም አለኝ።»

የዚያን ቀን እናት ቤቷ ገብታ ልጇን የጠያቂውን ጥያቄ ጠየቀቻት።

«አሥራ አንድ ጊዜ» አለች ልጅቱ። «እሱን የገደለውን ከጨመርኩ አሥራ ሁለት።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

«አጠገቤ። ‹ነፋስ በሩን ገፍቶት ነው፣ ተኚ› ትይኝ ነበር። የተኛሁ ይመስልሽ ነበር።»

ቅዳሜ ልጅቱ ተኩስ ወደማይሰማበት ወደ አክስቷ ቤት ሄደች። አክስትየዋ ያላት አንድ ክፍል ነው፤ እናት ቀረች።