መስመሩን የሚጠጣው

ምስሉ እንደገና ቆመ።

በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ትልቅ ስክሪን ላይ «ጠብቁ» የምትለው ትንሽ ክብ ትዞራለች። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ነው። የጌም ውድድሩ የፍጻሜ ጨዋታ ከተጀመረ ሩብ ሰዓት አልሞላውም። አስራ አንድ ሺህ ሰው ቀጥታ ስርጭቱን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ኮሜንቱ እንደ ዶፍ ይወርዳል።

«ሎድ ያደርጋል!»

«ኧረ ቴክኒሻኑን ቀስቅሱት!»

ቴክኒሻኗማ ደህና እንቅልፍ ካጣች ሰባት ወሯ ነው።

በዚህ ቤት ሁሉም «ቴክኒሻኗ» ይላታል። በስለላ መሥሪያ ቤቷ ደግሞ የምስጢር ስሟ «መርፌ» ነው። የተላከችው አንድ ፋይል ፍለጋ ነበር፤ በሽፋን የሚኖሩ የአርባ አንድ ሰላዮች ስምና አድራሻ። ከመሥሪያ ቤቱ የተሰረቀ። የቤቱ ጌታ ለአገር የሚያሳየው የጌም ስርጭቱን ነው፤ የሚኖረው ግን ምስጢር በመሸጥ ነው። በሌለበት «ኮሌታ» ይሉታል። ሙቀት ቢያቃጥለውም የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈትቶ አያውቅም።

ኢንተርኮሙ ጮኸ። ኮሌታ ነው፤ ከላይኛው ፎቅ።

«አምስት ደቂቃ ሰጥቼሻለሁ። አስተካክይው።»

«እሺ ጌታዬ።»

እጇ ሥራውን ያውቀዋል። የተቆራረጠበት አንድ ተመልካች ቢሆን ችግሩ የእሱ ቤት ነው። እዚህ ግን ሁሉም ይጮኻል፤ ስለዚህ ችግሩ የኛ ቤት ነው። ኮምፒውተሩን አየች፤ ከአቅሙ ሲሶውን እንኳ አልሠራም። ገመዱን ነቅላ ሰካች፤ ደህና ነው። መስመሩ በሰከንድ ሃያ ሜጋ ይልካል። ስርጭቱ የሚፈልገው ስድስት ብቻ ነው።

ታዲያ ስድስቷ ለምን ጠፋች?

የራውተሩን ገጽ ከፈተች። አንድ የማታውቀው ኮምፒውተር መስመሩን ግጥም አድርጎ ይጠጣል። የተሰካው ላይኛው ፎቅ ነው።

ፋይሉ እየወጣ ነው። አሁን።

ወንበሩን ያዘች። ከአርባ አንዱ ውስጥ ዛሬ ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ የተመለሰ አለ። ገበያ የወጣች አለች። አንዳቸውም አያውቁም።

የጆሮ ማዳመጫዋን ነካች። ስልኳ ላይ «የመስመር ድጋፍ» ተብሎ የተመዘገበው አለቃዋ ነው። የምስጢር ስሙ «አጎቴ»። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ለዚህ ሥራ የመለመላት እሱ ነው፤ አባቷ ሲሞት ከቀብር ያልቀረውም እሱ ነው።

«ሄሎ፣ መስመሩ ላይ ሌላ ጠጪ አለ።»

«ተረጋጊ፣ መርፌ። ሽፋንሽን እንዳታጪ። የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጊው።»

«ምን?»

«ከስድስት ወደ ሁለት አውርጂው። ተመልካቹ ይረጋጋል፣ ሰውየውም አይጠረጥርሽም። እኛ ከውጭ እንይዘዋለን።»

ምክሩ ትክክል ነበር። ሲቆራረጥ ጥራት መቀነስ ጀማሪም ያውቀዋል። ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረገች።

«ፍጠኚ። ሰማንያ ስምንት ላይ ደርሷል።»

ጣቷ ቆመ።

ሰማንያ ስምንት በመቶ? ራውተሩ የሚያሳየው ፍጥነት ነው፤ መቶኛ አያሳይም። ስንት መቶኛ እንደደረሰ የሚያውቀው ላኪው ነው።

ወይም ተቀባዩ።

ጥራቱን ብትቀንስ ስርጭቱ ለፋይሉ መንገድ ይለቅለታል። ይኼን ነው የለመናት። በገዛ እጇ።

«መርፌ? ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማለሁ፣ አጎቴ። እያወረድኩ ነው።»

ጥራቱን ወደ አስራ ስምንት ሰቀለችው።

ምስሉ ሞተ። ክቧ ብቻ ቀረች። ፋይሉ ግን ይንፏቀቅ ይሆናል እንጂ አይቆምም። መስመሩን ብትነቅለው መጠባበቂያው መስመር ራሱ ይቀጥልለታል። ማስቆም የሚቻለው ላይ ወጥቶ ፋይሉ ያለበትን ዲስክ በመውሰድ ነው። ኮሌታ ከዚያ ክፍል ካልወጣ ደግሞ አይሆንም። የሚያስወጣው አንድ ነገር ነው፤ ንዴት።

ወደ መጫወቻው ክፍል ሮጠች።

ተጫዋቹ ኮንትሮለሩን እንደያዘ ዞረ። በፍጥነቱ «ጣት» የሚል ስም ወጥቶለታል። ኮሌታ መታወቂያውን ከያዘበት ሁለት ዓመት ሆነው፤ ከግቢ አይወጣም። እናቱ የምታየው በስርጭቱ ጥግ በምትታየው ትንሽ ምስሉ ነው። በየቀኑ «ከስተሃል፣ ብላ እንጂ ልጄ» ብላ ትጽፍለታለች፤ ተመልካቹም እናት አድርጓታል። መርፌ ከዚህ አወጣሃለሁ ብላ ቃል ገብታለታለች።

«እህቴ፣ ምን ጉድ ነው? እማዬ አታየኝም እኮ!»

«ኮሌታ አሁን ይመጣል። አምስት ደቂቃ አቆይልኝ። ለምን እንዳትለኝ።»

አተኩሮ አያት።

«አንቺ ቴክኒሻን አይደለሽም፣ አይደል?»

«አይደለሁም።»

«ገብቶኝ ነበር። በተጠራ ቁጥር ቶሎ የሚመጣ ቴክኒሻን የት አለ!»

መሳቅ አልቻለችም። ከኮሪደሩ የእግር ኮቴ መጣ።

ኮሌታ በሩን በርግዶ ገባ። «አስራ አንድ ሺህ ሰው ክብ ሲዞር ያያል! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ገመዱ ነው ጌታዬ። ሌላ ከመጋዘን ላምጣ።»

«ብረሪ!»

ከጀርባዋ ጣት ማዳመጫውን ሲወረውር ሰማች። እስከዛሬ «እርስዎ» እያለ የኖረውን ሰውዬ «አንተ» አለው።

«አልጫወትም። መታወቂያዬን አምጣ፣ አንተ ሌባ!»

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። በሩ ገርበብ ብሏል። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ፤ ጎኑ ላይ የተሰካች የመዳፍ ያህል ዲስክ። ስክሪኑ ላይ ዘጠና ሦስት።

ዘጠና አራት።

ነቀለቻት።

ቁጥሩ ጠፋ። ያልሞላ ፋይል አይከፈትም። አርባ አንዱም ለጊዜው ተርፈዋል።

በጆሮዋ ያለው ድምፅ ተለወጠ።

«መርፌ። ምን አደረግሽ?»

«ተቆራረጠብህ?»

«ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እንደ ልጄ ነበር የማይሽ» አለና ዘጋው።

ከታች ስልክ ጠራ። የኮሌታ ስልክ። ማን እንደደወለለት አልጠፋትም።

«የታለች? የት ሄደች?» ኮሌታ ሲጮኽ ተሰማ።

«አታልፍም!» የጣት ድምፅ ነው። ወንበር ወደቀ። የሆነ ነገር ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

ከዚያ ተኩስ።

አንድ ብቻ።

መርፌ ደረጃው ራስ ላይ ደርቃ ቀረች። ወደ ታች አሥራ ስድስት እርምጃ ነው። ከጀርባዋ ባለው የኋላ በር ደግሞ የውጭ ደረጃና የጓሮው አጥር አለ። ዲስኩን በመዳፏ ጨምድዳ ይዛለች። ከንፈሯን ነከሰች፤ ደም ደም አላት።

በኋላ በር ወጣች።

አጥሩን ስትዘል ነው ያሰበችው። ካሜራው በርቶ ነበር። አስራ አንድ ሺህ ሰው ያንን ክፍል እያየ ነበር። እናቱም። ግን ማንም ምንም አላየም፤ ክብ ነው ያየው። ምስሉን ያቆመችባቸው እሷ ናት።

ከአጎቴ በላይ ያለችው አንዲት ሴት ናት፤ «እትዬ» ይሏታል። በዘጠነኛው ቀን አንድ የዓይን ክሊኒክ ተራ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ መርፌ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። ዲስኩ በመጀመሪያው ቀን በሰው ደርሷታል።

«አጎትሽ ተይዟል። ድንበር ላይ። ኮሌታም።»

«ሰዎቹስ?»

«አርባ አንዱም ደህና ናቸው። ቤት ቀይረናቸዋል። አንቺን ግን ፊትሽን ያወቁ ብዙ ናቸው። እዚህ ከተማ አትኖሪም።»

«ልጁስ፣ እትዬ?»

«ተርፏል። ጥይቷ ጀርባው ላይ ናት። እግሩን አይሰማውም። እናቱ መጥታ ታስታምመዋለች።»

«ልየው። አንዴ ብቻ። ከሩቅም ቢሆን።»

«አይሆንም። አንቺ ከታየሽ እሱንም ይፈልጉታል።»

«ጠየቀኝ?»

«በነቃ ቁጥር። 'እህቴ የት ናት፣ አመለጠች ወይ' ይላል።»

«ምን አላችሁት?»

እትዬ ቦርሳዋን ዘጋች። «በዚያ ቤት ሴት ቴክኒሻን ተቀጥራ አታውቅም አልነው።»

በመካከላቸው አንድ ፖስታ ትታ ተነሣች። ውስጡ አዲስ መታወቂያና የአውቶቡስ ቲኬት ነበር። መርፌ መታወቂያውን ሳታየው ኪሷ ከተተችው። እንባዋን ማንም ልብ አላለውም፤ የዓይን ክሊኒክ ነው።

ነርሷ ከበሩ ብቅ ብላ አንድ ስም ጠራች። ማንም አልተነሣም። ነርሷ እትዬ ያስመዘገበችውን ካርድ ደግማ አየችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠራች።

ሦስተኛው ጥሪ ላይ መርፌ መታወቂያውን ከኪሷ አውጥታ አየች፤ የምትጠራው እሷ ናት።

«አቤት» አለችና ተነሣች።