በጸሎት ሰዓት የተሰማው ፒያኖ

የመዘምራኑ መሪ ሽማግሌው ላፋኤሌ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ መንደርተኛው ከሚታጠብበት የባሕር ዳር ዐለት ሥር ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን በድንጋይ ተመትቷል። ሳጅን ፔላ ከዋና ከተማዋ ከአፒያ ስትደርስ መንደሩ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት፤ ሁሉም ጣቱን የቀሰረው ሟቹ ባሳደጋት በማሲና ላይ ነበር። የዚያን ዕለት ስትጨቃጨቀው ጎረቤት ሰምቷል፤ በምሽቱ ጸሎትም ያያት የለም። ስለ ጭቅጭቁ ስትጠየቅ አፏን ለጎመች። ወደ ከተማ የሚወስዳት የፖሊስ መኪና በር ላይ ቆሟል።

ፔላ ግን መንደር ሙሉ በአንድ አፍ ሲናገር ደስ አይላትም። ላፋኤሌ ወደ ባሕሩ ሲወርድ የታየው ከጸሎቱ ደወል ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ ጸሎቱ እንዳበቃ ሬሳው ተገኘ። በመሃል ከቤተ ክርስቲያኑ የፒያኖ ድምፅ ሲመጣ ሁሉም ሰምቷል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑን ፒያኖ መቺ ቫይቶአን ማንም አልጠረጠረውም። ለፔላ ይህ ነገር ከልክ በላይ የተመቻቸ መሰላት።

ደወሉ ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ነው። ሲመታ መንደርተኛው ሥራውን ትቶ ለጸሎት ቤቱ ይሰበሰባል፤ ጸሎቱ እስኪያበቃ ድምፅ ማሰማትም ሆነ መንገድ ላይ መታየት ስለሚያስቀጣ ጎረምሶች መንገዱን ይጠብቃሉ። ፔላ ደወል መቺውን አዛውንት ሴፎን በረንዳቸው ላይ አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ትናንት በሰዓቱ ነው የመቱት?»

«ደመናው ጨለመብኝና ቀደም አደረግኩት። ምነው፣ በዚህም ልትከሺኝ ነው?»

«ፒያኖውስ ያኔ ዝም አለ?»

ሴፎ አሰቡ። «አላለም። ሌላ ሰው ቢሆን እንቀጣው ነበር። መዝሙር ነው ብለን አለፍነው።»

ፔላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገብታ የዲጂታል ፒያኖውን ቁልፍ ነካች። መብራቱ በርቷል፣ ድምፁም ከፍ ተደርጓል፤ ነገር ግን ምንም አይሰማም። እሷም በሰፈሯ መዘምራን መሃል ፒያኖ ትመታለችና ነገሩ ወዲያው ገባት። ፓስተሩን፣ ሴፎን፣ ቫይቶአንና ማሲናን አስጠራች።

«ቫይቶአ፣ እስቲ የትናንቱን ምታልን።»

ጣቶቹን አሳረፈ። ፒያኖው ዝም አለ።

«የባሕሩ እርጥበት ነው። ተበላሽቷል» አለ።

ፔላ ከመኪናው ያስመጣችውን የራሷን ኮምፒውተር ከፒያኖው ጋር በገመድ አገናኘችና አንድ ዜማ ላከች። ማንም ቁልፎቹን ሳይነካ ፒያኖው ዘመረ። ፓስተሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ደኅና ነው» አለች። «ፒያኖና ኮምፒውተር አገናኝተን ስንቀርጽ ድምፁ እንዳይደረብ ቁልፎቹን ከፒያኖው ድምፅ ጋር የሚያገናኘውን የውስጥ መስመር እንዘጋለን። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ኮምፒውተሩ የሚልከው ብቻ ነው። አንተም ዘግተህ ቀረጽክ፤ ከዚያ ገመዱን ነቅለህ ኮምፒውተሩን ስትደብቅ መስመሩን መክፈት ረሳህ።»

«ኮምፒውተሩ እንደተሰካ በእጄ እየመታሁ ቢሆንስ?»

«ይሁን። ታዲያ አባባ ሴፎ ደወሉን ቀድመው ሲመቱ ለምን አላቆምክም? እዚህ ተወልደህ ያደግህ ሰው፣ ያንን ደወል ሰምተህ እጅህ አይንቀሳቀስም። ዜማውን ከደወሉ በፊት እንዲያልቅ ነበር ያዘጋጀኸው። አንተ ዐለቱ ጋ ነበርክ፤ መንገዱ እየተጠበቀ እንዴት መጥተህ ታቆመዋለህ?»

ቫይቶአ ፓስተሩን አየ፣ ሴፎን አየ። ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩበት።

«ላፋኤሌን ዕድሜዬን ሙሉ አገለገልኩት» አለ። «ከእሑድ ጀምሮ የፒያኖውን ወንበር ለማሲና ልቀቅላት አለኝ። እንደ ውሻ!»

ማሲና ያኔ ተናገረች። «ጋሼ ቫይቶአ፣ የተጨቃጨቅነው በዚሁ ነው። ያንተን ወንበር አልወስድም ብዬው ነበር። ማንም እንዳይሰማ ስላስማለኝ ዝም አልኩ። ደክሞት ነበር፤ መዘምራኑን ላንተ ሊያስረክብ ነበር። ፒያኖ ላይ ተቀምጦ መዘምራን መምራት አይቻልም ብሎ ነው ወንበሩን ልቀቅ ያለህ።»

ቫይቶአ ምእመናን ከሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«እሑድ በሕዝብ ፊት ሊነግርህ ነበር» አለችና አለቀሰች።