የአራት ሺህ ልጆች አክስት

ጨው የሚነበበው በጠዋት ነው። ፀሐይ ከበረታች ያልበዋል፤ ያላበው ጨው ደግሞ የአንዱን ሰው ቃል ከሌላው ጋር ይቀላቅላል። ስለዚህ በሰመራ የመረጃ አዳራሽ ሥራ የሚጀመረው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በመደርደሪያዎቹ ላይ የተደረደሩት የጨው ጡቦች፣ ከሰው አዘዋዋሪዎች እጅ የወጡ ሰዎች በየኬላው የሰጡትን ቃል በድምፃቸው ይዘዋል።

ቃሉን የሚያነበው መሣሪያ ሐረግ ይባላል። የተመዘገበውን ሰው ዘመድ አዝማድ እንደ አገር ሽማግሌ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥርና ማን ከማን እንደሚወለድ ግድግዳው ላይ በብርሃን ይስላል። ሽማግሌ እንዲህ የሚቆጥረው ጋብቻ ሲመጣ ነው፤ ሐረግ ግን ማን ማንን ይዞ እንደጠፋ ለማወቅ ነው የሚቆጥረው።

የዚያን ቀን ጠዋት ሐረግ አንዲት አክስት ሳለ። አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስድስት የእህትና የወንድም ልጆች ነበሯት።

«ጨዉን አልቦት ነው» አለ ቴክኒሻኑ ሁመድ። «ማቀዝቀዣ ውስጥ ልመልሰው?»

የምዝገባው ኃላፊ ዘርትሁን ገላው ሰዓቷን አየች። ስምንት ሰዓት ላይ ምክር ቤቱ በአዲሱ የመረጃ አሰባሰብ ሕግ ላይ ድምፅ ይሰጣል፤ ጠቅላላ ቁጥሩን የምትልከው እሷ ናት። ሕጉ ከጸደቀ የተቆጠረ ሰው ይፈለጋል፣ ይረዳል። ያልተቆጠረ ሰው ግን ለመንግሥት እንዳልተወለደ ነው። አንቀጽ ዘጠኝን የጻፈችውም ራሷ ነበረች፦ «ከዘመዱ ጋር የተጓዘ ሰው በተጠቂነት አይመዘገብም።» ይህን ስትጽፍ በልቧ የነበረችው በዘጠኝ ዓመቷ ከገጠር አምጥታ ያሳደገቻት፣ አክስቴ የምትላት እትዬ አስካለ ናት። ልጅ ያሳደገች አክስት ከሰው ነጋዴ ጋር እንዳትደመር ብላ ነው። እስከ ዛሬም ዘርትሁን በየዓመት በዓሉ ልብስ ትልክላታለች።

ጡቦቹን አንድ በአንድ አዳመጠች። «አክስቴ ናት ያመጣችኝ» ትላለች አንዷ ልጅ። ሁለተኛዋም ይህንኑ ትላለች። ከሰሜን የመጣችውም፣ ከደቡብ የመጣችውም አክስት አላት። ሐረግ እነዚያን ሴቶች በሥጋም በጋብቻም ከልጆቹ ሰባት ቤት ውስጥ ፈልጎ አጥቷቸዋል። የሚሰቅልበት ቅርንጫፍ ስላጣም ሁሉንም አንድ ሰው አድርጎ ስሏቸዋል።

«ጨዉ ደህና ነው፣ ሁመድ» አለች። «አክስቶቹ ናቸው አክስት ያልሆኑት።»

«አዬ ዘርዬ፣ እኛ አገር ትልቅ ሴት ሁሉ አክስት አይደለች እንዴ?»

«አዘዋዋሪዎቹም ይህንን ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ሕግ ላደርግላቸው ነበር።»

ወዲያው አዲስ መጠይቅ አረቀቀች። የአክስትሽ አባት ማን ይባላል? ከአያቶችሽ አንዱ ነው? የእናቷ ወይም የአባቷ እህት ያመጣቻት ልጅ በዚህ አትቸገርም፤ የአክስቷ አባት የራሷ አያት ነውና። ለራቀ ዘመድ ደግሞ ሐረግ ሰባቱን ቤት ይፈልጋል።

በአዳራሹ አንድ ደንብ አለ፦ ጥያቄ ያወጣ ሰው ቀድሞ ራሱ ይመልሰዋል። ወጥ የሠራ ሰው ራሱ ይቀምሰው የለ! ዘርትሁን የድምፅ መቀበያው ፊት ተቀመጠች።

«ከማን ጋር መጣሽ?» አለ ሐረግ።

«ከአክስቴ፣ ከእትዬ አስካለ ጋር።»

«የአክስትሽ አባት ማን ይባላል?»

«በዛብህ» አለች ሳታመነታ። አስካለ በዛብህ የሚለውን ስም የግቢው በር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጨርቅ ወልውላዋለች።

«ከአያቶችሽ አንዱ ነው?»

የአባቷ አባት ደምሌ ነው። የእናቷ አባት ይርዳው ነው። ሦስቱንም ስሞች ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች፤ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው ግን አታውቅም። ወጥ ቤት ውስጥ መተኛቷን፣ የቤቱ ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሷ ልብሳቸውን ማጠቧን አስታወሰች። እትዬ አስካለ «ልጄ» ትላት ነበር። ዘርትሁን አዘነች፤ ከሁሉም በላይ ግን አፈረች።

«አይደለም» አለች።

ሐረግ ሰባቱን ቤት ፈልጎ አስካለን አላገኛትም። ግድግዳው ላይ ቁጥሩ አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባት ሆነ።

መሣሪያው ለተመዘገበ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው የፈላጊዎችን መዝገብ ከፈተ።

«ፈላጊ፣ አንድ። ጥሩነሽ ይርዳው፤ እናት። ማመልከቻው የቀረበው ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት። ውሳኔ፦ ልጅቷ የሄደችው ከዘመድ ጋር በመሆኑ ተዘግቷል። አመልካቿ በየዓመቱ አድሳለች። የመጨረሻው ባለፈው ግንቦት።»

እትዬ አስካለ «እናትሽ ሞተች» ብላት ነበር። ሦስት ቀን አብራት አልቅሳለች።

ዘርትሁን ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና የረቂቁ ኮሚቴ ጸሐፊ ወደሆኑት አቶ ልሳኑ ደወለች።

«አንቀጽ ዘጠኝ ይውጣ።»

«ዛሬ? አራት ሰዓት ብቻ ቀርቶን?» አሉ። «በአንድ ጠዋት አራት ሺህ ሰው ከየት መጣ ይሉኛል። መሣሪያው ተበላሽቷል ቢሉኝስ? ማን ይመሰክርልኛል?»

«እኔ። ዘርትሁን ገላው ደምሌ። አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባተኛዋ እኔ ነኝ።»

በስልኩ ውስጥ አቶ ልሳኑ ወረቀት ሲገልጡ ተሰማ። ከዚያ «ድገሚልኝ፣ ልጻፈው» አሉ፤ ደገመችላቸው።

«ለእናትሽ ልደውል?» አለ ሁመድ ስልኩን ስትዘጋ።

«እኔ እደውላለሁ።»

ቁጥሩን ከመዝገቡ ላይ አየችና ስልኩ ላይ ነካካችው። መንግሥት ሃያ ስድስት ዓመት አልቆጠራትም። ጥሩነሽ ግን በየግንቦቱ ቀበሌ ድረስ በእግሯ እየሄደች፣ አንድ ብላ ስታስቆጥራት ኖራለች።